የጣርማ በር ጎሚስታ

ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከደብረ ሲና የአክስቴን ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ጣርማ በር ላይ ቀረን። ዋሻውን ገና እንዳለፍን የሚኒባሱ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ተቀያሪው ጎማ ወጥቶ ሲታይ እሱም ተንፍሷል። ሹፌሩ ረዳቱን ተቆጣ፣ ረዳቱ ባለንብረቱን አማ፣ እኛ ጉሙ ውስጥ ቆመን ተንቀጠቀጥን። ረዳቱ ሁለቱን ጎማ በሚወርድ የጭነት መኪና ጭኖ ደብረ ሲና አስለጥፎ፣ ደግሞ የሚወጣ መኪና ጠብቆ እስኪመለስ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው።

አጠገቤ ሕፃን የታቀፈች ሴት ነበረች፤ ከሐኪም ቤት የምትመለስ። ጋቢዬን ሰጠኋት። ሹፌሩ የፈነዳውን ጎማ በእግሩ እየመታ፣ «እዚህ ቦታ አንድ ጎሚስታ ቢኖር እኮ ይሄኔ ቤታችን ገብተን ነበር!» አለ። ሁሉም «እውነት ነው» አሉ፤ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። እኔ ግን እስካሁን እሱን ነው የማስበው።

ሰኔ 5

ዛሬም ጎማ አሰብኩ። ምን ነካኝ?

ዕድሜዬ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖርኩ። ባለቤቱ በሚያዝያ ቤቱን ዘግቶ አዲስ አበባ ገባ። የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «ሌላ ጽሕፈት ቤት ፈልጊ» ይለኛል። ማን ያስጽፋል? ዛሬ ሰው ማመልከቻውን በስልኩ ጽፎ፣ በስልኩ ልኮ ይጨርሳል። ሁለት ወር ሙሉ ቤት ተቀምጬ የራሴን ማመልከቻ እንኳ አልጻፍኩም።

ሰኔ 10

በከተማችን የደሴ መውጫ ላይ ጋሽ ገብረ ጻድቅ የሚባሉ ሽማግሌ ጎሚስታ አሉ። ትናንት ሄጄ በራቸው ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ገባሁና ጎማ ውስጥ ከሚገባው ላስቲክ፣ ከከመነዳሪ፣ አንድ አሮጌ ቁራጭ ገዛሁ። «ለምንሽ ነው?» አሉኝ። «ለበር ማሠሪያ» አልኩ።

ዛሬም ሄድኩ። ሌላ ቁራጭ ገዛሁ። ለበር ማሠሪያ።

ሰኔ 14

ለሦስተኛ ጊዜ ስገባ ጋሽ ገብረ ጻድቅ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ስንት በር ነው ያለሽ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ከሳቁ ጋር እውነቱም ወጣ። ሥራውን መማር እፈልጋለሁ፣ ጣርማ በር ላይ መክፈት አስቤያለሁ አልኳቸው። እስኪያባርሩኝ ጠበቅኩ።

«ይከብዳል» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«አታውቂም። ያቆሽሻልም።»

«ልጅ አሳድጌያለሁ።»

ይህች መልስ ደስ ያለቻቸው መሰለኝ። «ሰኞ ሁለት ሰዓት ነይ። ቀሚስ ለብሰሽ እንዳትመጪ» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ሰኔ 16

የባለቤቴን የአንተነህን አሮጌ ሱሪ ለበስኩ። ልጄ ኤልሮኢ «እማዬ፣ የት ልትሄጂ ነው?» አለችኝ። «ጓሮ ልቆፍር» አልኩ። ቦርሳዬን አንግቼ! ጓሮ በቦርሳ!

እጄ እስክሪብቶ አልይዝ አለኝ። ነገ እጽፋለሁ።

ሰኔ 19

የተማርኩትን ልጻፍ፣ እንዳልረሳ። መጀመሪያ ብሎኑን ጎማው መሬት ላይ ሳለ ላላ አድርጎ፣ ከዚያ በክሪክ ማንሣት። እኔ ተገላቢጦሹን አድርጌ ጎማው አብሮኝ ሲዞር ዋለ። የጠበቀውን ብሎን በጉልበት መታገል አያስፈልግም፤ መፍቻው ላይ ቆሞ መጫን ነው። ውፍረቴ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ጋሽ ገብረ ጻድቅ ነፋስ ሊሞሉ ኮምፕሬሰሩን ሲያስነሱ ሻይ ላመጣላቸው ሄድኩ። በጣም ይወዳሉ ሻይ።

ሰኔ 22

አንተነህ ትናንት ከጎረቤላ መጣ። ባለቤቴ እዚያ ጤና መኮንን ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ይመጣል። ሁለት ቀን ሙሉ እጄን ጋቢ ውስጥ ደብቄ ዋልኩ። ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር ነገር በሳሙናም በአሸዋም አልወጣ ብሏል። ቢሰማ ይከለክለኛል። ሰው ምን ይላል ይለኛል። አውቀዋለሁ።

ደግነቱ ምንም አላስተዋለም። ማዕድ ላይ እጄን አንድ ሁለት ጊዜ አየት ያደረገ መስሎኝ ነበር፤ ግን ስለ ዝናቡ ነው ያወራው።

ሰኔ 26

ዛሬ ቢረሳ የምወደው ቀን ነው።

ትናንት ባየው ለሚባል የባጃጅ ሹፌር ከመነዳሪ ለጥፌለት ነበር፤ ብቻዬን የለጠፍኩት የመጀመሪያ ሥራዬ። ዛሬ ጠዋት ባጃጁን እየገፋ፣ በዝናብ ርሶ መጣ። የለጠፍኩት ተነሥቷል።

«ማነው የለጠፈው? ሴትዮዋ ናት አይደል? ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ?»

ጋሽ ገብረ ጻድቅ አንድ ቃል ይናገሩልኛል ብዬ ጠበቅኩ። «አንቺ ለጥፈሽዋል፣ አንቺ ፍቺው» አሉኝ ብቻ። ሰው ከቦ እያየኝ ፈታሁት። ውሃ ውስጥ ስነክረው አረፋው ልክ ከጠርዙ ተንቦለቦለ። ምክንያቱን ወዲያው አወቅኩት። ማስቲሹ እስኪደርቅ አልጠበቅኩም። በጣት ጀርባ ነክተሽ የማይዝ ሲሆን ነው የሚለጠፈው ብለውኝ ነበር እኮ! ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ፤ ለመጀመር ዓመት አስባለሁ፣ ከጀመርኩ በኋላ አንድ ደቂቃ መጠበቅ አልችልም።

እንደገና ሞረድኩ፣ ቀባሁ፣ ጠበቅኩ፣ ለጠፍኩ። ባየው ቆሞ እየተቆጣ ጠበቀ። ሲሄድ «እትዬ፣ ይኼኛው ከተነሣ ባጃጁን እዚሁ ትቼልሽ ነው የምሄደው» አለኝ።

ሐምሌ 1

ባየው አልተመለሰም። ዛሬ በሩቅ ሲያልፍ አየሁት። እጁን አነሣልኝ።

ሐምሌ 5

አንተነህ መጣ። ለእጅ የሚሆን ወፍራም ቅባት ይዞልኝ መጥቷል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ብርዱን አስቦ ይሆናል። ጥሩ ሰው ነው።

ራት ላይ ድንገት «ቲዩብለስ ጎማ ከሌላው በምን ይለያል?» አለኝ። ወጥ ጨመርኩለት። «እኔ ምን አውቄ!» አልኩ። ልነግረው ፈልጌ አንድ ሰዓት ሙሉ ልቤ ሲመታ ነበር። ቲዩብለስ ከመነዳሪ የለውም፤ ጎማው ራሱ በብረቱ ክብ፣ በቸርኬው ላይ ተጣብቆ ነው ነፋሱን የሚይዘው። ይህን ሳልናገር መቅረት እንደዚህ ይከብዳል?

የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ጎማ አስቸግሯቸው ይሆናል እንጂ፣ እሱ ስለ ጎማ ምን ያገባዋል?

ኤልሮኢ ሳህን እያነሣች ትስቃለች። የዚህ ዕድሜ ልጅ በምን እንደሚስቅ አይታወቅም።

ሐምሌ 8

ጣርማ በር ሄጄ ቦታ ፈለግሁ። ዋሻው ጋ ከመደረሱ በፊት ከመንገዱ ዳር እማማ በሰለች የሚባሉ ባልቴት በጎች ያረባሉ። ልጃቸው ብስኩትና ለስላሳ ይሸጥባት የነበረች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለቻቸው፤ ልጁ ሸዋ ሮቢት ከገባ ወዲህ ባዶዋን ነች። ፊት ለፊቷ ሁለት የጭነት መኪና የሚያቆም ሜዳ አለ። ልቤ ዘለለ።

«ለምን ልታደርጊው ነው ልጄ?»

«ጎማ ልሠራበት።»

«ባልሽ ነው የሚሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንድ ሰውዬ ደግሞ መጠጥ ቤት ላድርገው ብሎኛል። ሰካራም በጉም ውስጥ አልወድም፤ ገደሉ ቅርብ ነው። ላንቺ እሰጥሻለሁ። እስከ መስቀል ካልጀመርሽ ግን ለሱ ነው የምሰጠው፤ በኋላ እንዳትቀየሚኝ።»

እስከ መስቀል! ሁለት ወር ከጥቂት ቀን።

ሐምሌ 11

ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ፦ «ጽሕፈት ቤት የነበረችው አይደለች? ጎማ ትለጥፋለች አሉ።» «ባሏ ጥሏት ይሆናል እንጂ በጤናዋ!»

ከተማው ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው አንተነህ ብቻ ነው።

ሐምሌ 17

ዛሬ ልጄን አስለቀስኳት።

ከጓደኞቿ ጋር ስታልፍ አየችኝ። መኪና ሥር ተኝቼ ነበር፤ እግሬ ብቻ ነው የወጣው፤ ግን ጫማዬን አወቀችው። አንደኛዋ ልጅ «ያቺ ሴት ናት!» ብላ ሳቀች። ኤልሮኢም አብራ ሳቀች። ቤት ስገባ አልጋዋ ላይ ተኮራምታ አገኘኋት። በእኔ አፍራ ነው ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አብሬ ሳቅኩ» አለችኝ። «እናቴ ናት ማለት ሲገባኝ ሳቅኩ።»

አጠገቧ ተኛሁ። ሁለታችንም የነዳጅ ሽታ ሸተትን።

«ለምን ደበቅሽን እማዬ?»

«አባትሽ እንዳይከለክለኝ።»

«አባዬ?» ብላ ቀና አለች፤ ከዚያ አፏን በአንሶላ ሸፈነች።

«ምነው? እንዳትነግሪው!»

«እሺ፣ አልነግረውም» አለች። እያለቀሰች ትስቃለች። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን እንዳሳቃት ባላውቅም።

ሐምሌ 25

ጋሽ ገብረ ጻድቅ ዛሬ ኮምፕሬሰሩን አስነሥተው ቧንቧውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ሻይ ላምጣልዎት» አልኩ።

«የውብዳር፣ ስድስት ሳምንት ሆነሽ። ጎማ ትፈቻለሽ፣ ትለጥፊያለሽ፣ ትገጥሚያለሽ። አንድ ቀን ነፋስ ስትሞዪ አላየሁሽም።»

«አጋጣሚ ሆኖ…»

«ሻይሽ ደግ ነው። ጣርማ በር ላይ ግን ማን ይሞላልሻል?»

ሻዩን አምጥቼ ሰጠኋቸው፤ ጠጡት። እኔ የምፈራው ነገር የለም። ጊዜው አልገጠመም እንጂ። ጠዋት ጠዋት ብርዱ እጄን…

ዋሸሁ። እፈራለሁ። ቢፈነዳስ?

ነሐሴ 1

ጋሽ ገብረ ጻድቅ ለፍልሰታ ሱባኤ አንኮበር ሄዱ። ስምንት ቀን ይቆያሉ። ቁልፉን ሰጡኝ። «የጭነት መኪና ከመጣ ወደ ሌላ ሰው ላኪ፣ ካልቻልሽ» አሉኝ። ካልቻልሽ የምትለዋን ቃል ለይተው ነው የተናገሩት።

ነሐሴ 4

በዝርዝር ልጻፈው።

አምስት ሰዓት ላይ አንድ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ሽንኩርት ጭኖ መጣ። ሹፌሩ ነቢዩ ይባላል። የኋላ ጎማው ተንፍሷል። «ጋሼ የሉም» አልኩት። «ሰምቻለሁ። ባየው የሚባል የባጃጅ ልጅ ነው የላከኝ፤ ሴትዮዋ ትሠራልሃለች፣ የለጠፈችው አይነሣም አለኝ።»

ባየው!

እንዴት ወደ ሌላ ልላከው? ጎማውን አወረድን። የገባበት ምስማር ጣቴን ያህላል። አወጣሁ፣ ለጠፍኩ፣ ጠበቅኩ (ጠበቅኩ!)፣ መልሼ ቸርኬው ላይ ገጠምኩት። ነፋሱ ብቻ ቀረ። ሻይ ቤቱ በር ላይ ያለችው ልጅ እኔን እያየች ብርጭቆ አነሣች፤ የለመደችው ነው። «ዛሬ አይደለም» ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ጋሽ ገብረ ጻድቅ ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። ጎማውን በሰንሰለት አሠርኩ፣ ረጅሙን ቧንቧ ሰካሁ፣ ፊት ለፊቱ ሳይሆን በጎን ራቅ ብዬ ቆምኩ። ነቢዩ እንዴት እንደቆምኩ ሲያይ እሱ ወደ መንገዱ ማዶ ተሻገረ። ኮምፕሬሰሩን አስነሣሁ። ግፊት መለኪያውን አያለሁ፣ አቆማለሁ፣ እሞላለሁ፣ እንደገና አያለሁ። ድንገት «ጧ!» አለ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ነቢዩ ከማዶ «እመቤቴ ድረሺ!» ብሎ ጮኸ።

ጎማው እንዳለ ነው። ጠርዙ ቸርኬው ላይ ቦታውን ሲይዝ የሚያሰማው ድምፅ ነበር! ትንንሾቹም ያሰማሉ፤ እኔ ሁልጊዜ ሻይ ቤት ስለሆንኩ አልሰማሁትም እንጂ። እኔና ነቢዩ በመንገዱ በሁለት ወገን ሆነን ሳቅን። የሻይ ቤቷ ልጅም ሳቀች። ከተነሣሁ በኋላ የቀረውን ሞላሁ።

ሲሄድ መኪናው እስኪሰወር ድረስ ቆሜ ጎማውን አየሁት። ሰው መኪና ቆሞ ይሸኛል? እኔ ሸኘሁ።

ነሐሴ 10

ጋሽ ገብረ ጻድቅ ተመለሱ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሰንሰለቱን አሥረሽ ነበር?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ምን ያስደንቃል?» ብለው ገቡ።

ከሰዓት በኋላ ግን ለአንድ ደንበኛ «እሷ ተማሪዬ ናት፤ ብቻዋን ኤፍ ኤስ አር ሠርታለች» ሲሉ ሰማኋቸው። ያልሰማሁ መስዬ ብሎን ቆጠርኩ።

ነሐሴ 24

ከጽሕፈት ቤቱ ስወጣ በተሰጠኝ ገንዘብ ያገለገለ ኮምፕሬሰርና ጄኔሬተር ገዛሁ። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ጆሯቸውን አስጠግተው እንደ ሐኪም አዳመጡት። «ያስላል፣ ግን አይሞትም» አሉ።

ነሐሴ 27

ወደ ጣርማ በር የሚወስደው መንገድ ለደኅንነት ተብሎ ተዘግቷል። መኪና አይወጣም፣ አይወርድም። ዕቃው ግቢ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ጎረቤት እንዳይጠይቅ የወፍጮ ሞተር ነው አልኩ። ውሸቴ በዛ።

ነሐሴ 29

አሁንም ዝግ ነው። እማማ በሰለች ደወሉ። ባለመጠጥ ቤቱ ትናንትም በእግሩ መጥቶ ጠይቋቸዋል። «መስቀልን እጠብቃለሁ ብያለሁ፣ እጠብቃለሁ» አሉ። ስንት ዓመት የሠራሁበት ቤት በአንድ ቀን ሲዘጋ ማንም አልጠበቀኝም። እኚህ ሴት ሁለት ጊዜ ነው ያዩኝ።

ጳጉሜን 2

መንገዱ ተከፍቷል። ለአንተነህ ነገርኩት።

ግቢ ያለውን ላስቲክ ገልጬ አሳየሁት። ከሰኔ ጀምሬ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። እስክጨርስ እጁን ኪሱ ከትቶ ሰማኝ።

«ከሰኔ ጀምሮ አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«የጤና ጣቢያውን መኪና ጎማ ልናስለጥፍ መጣን። አንቺ መፍቻ ላይ ቆመሽ ትዘያለሽ። እንዳትደነግጪ ብዬ ሹፌሩን ወደ ሌላ ቦታ ወሰድኩት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ጠበቅኩ። አስቸገርሽኝ እንጂ! ቅባት አመጣሁ፣ ስለ ቲዩብለስ ጠየቅኩ፤ ምን ልጨምር?»

ኤልሮኢ ከበሩ ኋላ በሳቅ ፈነዳች። እሷም ታውቅ ኖሯል።

ተናደድኩ፣ ሳቅኩ፣ ደግሞ ተናደድኩ። «ትከለክለኛለህ ብዬ ነው የደበቅኩት» አልኩ።

«መቼ ከልክዬሽ አውቃለሁ የውቤ?» አለ ቀስ ብሎ። «ባይሳካልሽ ማንም እንዳያይብሽ ነው የደበቅሽው።»

ላስቲኩን መልሼ ጄኔሬተሩን ሸፈንኩ።

ከዚያ ግን በእውነት ተጨቃጨቅን። ሙያውን አልጠላም፣ ቦታውን ነው የምፈራው አለኝ፤ መንገዱን፣ ጉሙን፣ ብቻዬን መሆኔን። ልክ ነው፤ እኔም የምፈራውን ነው የተናገረው። ጠዋት ሄጄ ዐሥር ሰዓት ላይ እንድዘጋ፣ መንገዱ ደኅና ካልሆነ እንዳልወጣ ተስማማን። «እማማ በሰለችንም ማየት አለብኝ» አለ። እኔም ቅባቱ አልቋል፣ ሌላ አምጣ አልኩት።

መስከረም 1 ቀን 2018

አዲስ ዓመት። ጥፍሬን ማጽዳት ተውኩ።

መስከረም 12

ከፈትኩ። እማማ በሰለች መርቀው አስጀመሩኝ። ጉም። አንድም ሰው አልመጣም። በጎች ብቻ።

መስከረም 13

አንድ መኪና ቆመ። ውሃ ጠይቆ ሄደ።

መስከረም 14

ማንም። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ደወሉ። «ሥራ አለ?» «የለም።» «ኮምፕሬሰሩን በየቀኑ አስነሺው፤ ብርድ ላይ ይኮራል» አሉና ዘጉ። የሞኝ ሥራ ሠርቼ ይሆን? ጽሕፈት ቤት ቢሆን ሙቅ ነበር።

መስከረም 16

ሁለት ጎማ! አንዱ ደግሞ ነቢዩ ነው፤ ጎማው ደህና ነው፤ ልያት ብሎ ነው የቆመው። ላስከፍለው ወይስ ልተወው ብዬ ተቸግሬ በነጻ ነፋስ ሞላሁለት።

መስከረም 18

ዛሬ ብዙ ነው የምጽፈው፤ ክንዴ ግን አይነሣም።

እሑድ ስለሆነ ኤልሮኢ አብሬሽ ልሂድ አለችኝ። ገና በራችንን ሳንከፍት የግሸን ተጓዦች አውቶቡሶች ተከታትለው መምጣት ጀመሩ። አራት ሰዓት ላይ አንዱ ዘንበል ብሎ ሜዳው ላይ ቆመ። ከኋላው ሌላ፣ ከእሱም ኋላ ሚኒባስ። ስልሳ ሰው ወረደ። ከበሮ ይዘዋል። እኔ ጎማው ሥር፣ እነሱ ዙሪያዬን ቆመው ዝማሬ ጀመሩ። ብሎኑን የምፈታው በከበሮው ልክ ሆነ። እማማ በሰለች ድንችና ቆሎ አወጡ፤ በአንድ ሰዓት አለቀባቸው።

የሁለተኛው አውቶቡስ ሹፌር እየተጣደፈ መጣና ኤልሮኢን «ጎሚስታው የት ሄደ?» አላት። ከመኪናው ሥር እሰማለሁ። መፍቻውን አቆምኩ።

«እናቴ ናት» አለች። «ያኛውን ስትጨርስ ያንተ ነው። እስከዚያ ብሎንህን አላላ፤ ክሪኩን ሳታነሣ።»

ጎማው መሬት ላይ ሳለ! ማን አስተማራት? ደብተሬን ታነብ ይሆን? ታንብብ።

ነፋሱን ስሞላ ተጓዦቹን ራቁ አልኳቸው። ጠርዙ «ጧ!» ሲል ስልሳውም ሰው ደነገጠ፤ አንዲት እናት አማተቡ። እኔ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። «ቦታውን ይዟል» አልኩ፣ ልክ እንደ ጋሽ ገብረ ጻድቅ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እልል አሉ። ለጎማ እልል ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ዐሥር ሰዓት ላይ ዘግተን ባገኘነው የመጨረሻ ሚኒባስ ተመለስን። ኤልሮኢ ጉንጯ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ትከሻዬ ላይ ተኛች። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ሱሪዬን አይተው፣ እጄን አይተው፣ «ሥራሽ ምንድነው ልጄ?» አሉኝ።

«ጎሚስታ ነኝ።»

ድምፄ ጎልቶ ኖሮ ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«ጣርማ በር ላይ የከፈትሽው አንቺ ነሽ እንዴ? ተቀያሪ ጎማዬ ተንፍሶ ነው የምዞረው። ነገ ሳልፍ ላምጣልሽ?»

«አምጣው» አልኩት። «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አለሁ።»